ጧፍ የነካት ሳጥን

«ይሄ የልጄ አይደለም» አለች ስንቅነሽ፣ ፌስታሉን ጭኗ ላይ ዘርግፋ።

ከተገለበጠው ሚኒባስ የተረፈው የልጇ የማንያዘዋል ንብረት ያ ብቻ ነበር፦ መታወቂያ፣ የቤት ቁልፍ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫና ከሳሙና የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን ከነገመዷ። ከፖሊስ ፈርሞ ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ገዱ ነው። አሁን ከመደቡ ስር ቁጢጥ ብሎ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከኪሱ የወጣ ዕቃ የሱ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው ሲል ጠየቃት።

«ከኪሱ ይውጣ። የሱ አይደለም አልኩህ።»

ስንቅነሽ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ከመቶ በግ መሃል የራሷን በጆሮው የምትለይ ሴት ናት። የልጇ ሳጥን ጠርዟ ላይ የጧፍ ጠብታ አለባት። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ልታይ ጧፍ ይዛ አጎንብሳበት ሳለ ጠብ ያለች ናት። ልፋቅልህ ብትለው «ተዪው እማዬ፣ ምልክት ይሁነኝ» ብሎ ሳቀ። ይቺኛዋ ንጹሕ ናት፤ ጠብታ ቀርቶ ጭረት የላትም። ሳጥን እንደ እባብ ቆዳ አትገፍም። የለወጠ ሰው አለ።

ነገሩ ከሥሩም ያልጠራ ነበር። ማንያዘዋል የሚሠራው ቡይት ራስ፣ ከእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ነው። ቡይት ራስ ከደባርቅ ወደ ላይ ነው። መኪናው የተገለበጠው ወደ ታች፣ ከወቅን ወዲህ፣ ከዳባት ሲመለስ። ዓርብ ጠዋት ወዴት ነህ ስትለው «ወደ ሥራ» ብሏት ነበር የወጣው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኖር እሷ የምታውቀው የመጀመሪያ ውሸቱ ያ ነው፤ ሁለተኛ አልደገመም፣ ጊዜም አላገኘ። ታዲያ ዳባት ማን ጠራው? ቀብሩ ቅዳሜ ተፈጸመ፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ ስንቅነሽም እንባዋን ሳይሆን ይህችን ጥያቄ ስታላምጥ ሁለት ቀን ሆናት።

ሰዉም እሷን መጠርጠር ጀምሯል። ስንቅነሽ ማለት የደባርቅ አልቃሽ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሬሳ ፊት ቆማ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ የመሰለ ነጋዴ መሐረብ ያወጣ ነበር። የራሷ ልጅ ሲቀበር ግን አንዲት ስንኝ አልወጣትም። ከመቃብሩ አፋፍ ቆማ የሰዉን እጅ ስታይ ዋለች፤ ማን ምን ይዟል፣ ማን ወዴት ያያል። የሚያለቅሱት ሴቶች እሷን ጠብቀው ጠብቀው ሲያቅታቸው አንዷ ከዳር ሆና ጀመረችው፤ እሱንም አበላሸችው።

«ለሰው ስታለቅስ አልቆባት ነው» ብለዋል አሉ። ይበሉ። ለቅሶ ቤት ከሚመጣው ሰው ግማሹ ለወሬ ነው፣ የቀረው ለንፍሮ።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ ያየቻት ያኔ ነው። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች። አታለቅስም። ንፍሮ ሲዞር አንድ ፍሬ አንስታ በጣቷ ስታሽከረክር ቆየች እንጂ አልበላችም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው፣ ጊታሩ የተሰቀለበት።

«ያቺ የማን ናት?» አለች ስንቅነሽ ጎረቤቷን።

ጎረቤቷ ውቢት የማታውቀው ሰው የለም፤ ካለም በማግስቱ ታውቀዋለች። ሊድያ እንደምትባል፣ የዳባት አስተማሪ እንደሆነች፣ ትናንትም ከቀብሩ ቦታ ዳር ቆማ እንደነበር ነገረቻት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ የቀረውን ጨመረች። ልጅቷ ድንኳኑ ውስጥ ገዱን አግኝታ መጀመሪያ የጠየቀችው ነገር ስልኩ ተርፎ እንደሆነ ነው።

ዳባት። ስልኩ። እናቱን እግዜር ያጽናሽ ሳትል ስልኩን። ስንቅነሽ ፌስታሉን አጣጥፋ ከመቀመጫዋ ስር አስገባችና ተቀመጠችበት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ መካሪዎቿ በየተራ መረዟት። ውቢት እንደምትለው ዘንድሮ ዘፈን በስልክ እየተለቀቀ ሰው ቤት ይሠራበታል፤ ልጅቷ የሟቹን ድካም ይዛ ልትጠፋ ነው። ካልሆነም፣ አለች ውቢት የልጅቷን ሆድ በዓይኗ እያሳየች፣ ሌላ ነገር ይዛ ይሆናል። ገዱ ደግሞ ሳጥኗን ገና ከጅምሩ አልወደዳትም። ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የሰው ወሬ ማጥመጃ ነው ባይ ነው፤ አንድ ቀን ሰው መጥቶ ይሄ ምንድን ነው ሳይለን ሽንት ቤት እንጨምራት አለ።

«ሽንት ቤት ከጨመርካት አንተም ተከትለሃት ትገባለህ» አለችው። ገዱ ስድሳ ሊሞላው ቢቃረብም እህቱን ይፈራል።

የጊታሩ ነገር ዓመት ሊሞላው ነው። ጎንደር አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወት የነበረ ባንድ ሲበተን ማንያዘዋል ገዝቶት መጣ። ድምፅ ማውጫው ትልቁ ሳጥን ቀድሞ ለሌላ ሰው ተሽጦ ኖሮ፣ ጊታሩ ብቻውን እንደ ጠፍ በቅሎ ነበር የመጣው። ስንቅነሽ ገና ከደጃፉ ሕጓን ነገረችው፤ የአልቃሽ ቤት ዘፈን አይሰማበትም። ሰው ሐዘኑን አምኖ የሚሰጣት ቤቷ ጭፈራ እንደሌለበት ስለሚያውቅ ነው። ያም አልበቃ ብሎ የውቢት ባል ሞተ። ግድግዳቸው አንድ ነው። በጎረቤት ሐዘን ዓመት ሙሉ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ማንያዘዋል ነገሩን አውቆ ጊታሩን ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ስድስት ወር አልነካውም።

ከዚያ ያቺ ሳጥን መጣች።

አንዱን ገመድ ከጊታሩ ወደ ሳጥኗ ይሰካል፣ ሌላውን ከሳጥኗ ወደ ስልኩ። የጆሮ ማዳመጫውን እሷው ላይ ሰክቶ ጆሮውን ይደፍናል። ከዚያ ይመታል። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ነገር ዶሮ ደረቅ አፈር ስትጭር እንደምታሰማው ያለ ነው፣ ሌላ ምንም። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። አንዳንዴ ይስቃል። አንድ ቀን እንባው በጉንጩ ሲወርድ አየችው።

እስቲ የትኛዋ እናት ናት ይህን አይታ የምትተኛ? ድምፅ የሌለው ዘፈን ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው ምን ይባላል? ምን ይነግርሃል ስትለው ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ዘረጋላት፤ «እንቺ፣ አንቺው ስሚው።»

«የማላውቀውን ነገር ጆሮዬ አላስገባም» አለችው።

ደግሞ አላረፈም። እሷ ጥጥ ስትፈትል ስልኩን አጠገቧ ማኖር ጀመረ። ሙሾዎቿን እስቲ በይልኝ ይላታል። ለቅሶ ያለ ሬሳ አይወርድም፣ ሟርት ነው ብላ አባረረችው። ጠረጠረችው፤ ሊሳለቅባት፣ ለዘመዶቹ ሊያሰማባት መሰላት። እንዝርቷን ስታሾር ግን አፏ ሳታውቀው ያጉረመርማል፤ ያንን እንኳ እስካሁን አላወቀችውም።

ባለፈው ሐሙስ ቆርጣ ተነሣች። በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ወርዳ በሃይላንድ ጸበል ቀድታ መጣች። ልጇ ገላውን ሊታጠብ ሲወጣ አልጋውን ረጨች፣ ጊታሩን ረጨች፣ ሳጥኗ ላይ ስትደርስ ግን መርጨት አልበቃትም። ቀዳዳ አላት፤ ሰይጣን የሚገባ ደግሞ በቀዳዳ ነው። በያንዳንዱ ቀዳዳ በስመ አብ እያለች አንቆረቆረችበት።

ማንያዘዋል ሲገባ ወለሉ እርጥብ ነው። ጠረጴዛውን አየ፣ ሃይላንዱን አየ፣ እሷን አየ። ለሚለው ሁሉ መልስ አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ሸሚዙን አውልቆ መጀመሪያ ጊታሩን ጠረገ፣ ከዚያ ሳጥኗን አራግፎ በመሐረብ ጠቀለላትና ኪሱ ከተታት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አጥሩ ጥግ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማችው፦ «ነገ ጠዋት ዳባት እመጣለሁ።»

ጸበሉ ያስበረገገው ነገር ወደ ባለቤቱ ሊሸሽ ነው ብላ አሰበች። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አሁን አወቀች፤ በሩ አጠገብ ቦርሳ ታቅፋ ተቀምጣለች።

ሰኞ ሰልስቱ ነበር። ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሰዉ ቀማምሶ፣ ወንዶቹ የዕድሩን ድንኳን ለመንቀል ካስማውን መነቅነቅ ጀምረዋል። ሊድያ ለሦስተኛ ቀን መጣች። ስንቅነሽ ከበሩ ጀምራ በዓይኗ ተከተለቻትና ከጎኗ ያለውን መደብ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ነይ እዚህ።»

ልጅቷ ሴቶቹን አልፋ መጥታ ተቀመጠች። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩዋት። ገዱም የንፍሮ ሳህን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«የልጄን ሳጥን ወዲህ በይ» አለች ስንቅነሽ።

ብትክድ ኖሮ ይሻል ነበር። ሊድያ ግን ቦርሳዋን ከፍታ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣች። ስትፈታው የሩዝ ፍሬ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከሩዙ መሃል ሳጥኗ ወጣች፤ ጠርዟ ላይ የጧፍ ጠብታዋ እንዳለች።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ውቢት «አላልኩሽም» አለች፣ ምን እንዳለች ማንም ባያስታውስም። ስንቅነሽ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። አልተሳሳተችም። ዓይኗ አልከዳትም። የልጇን ወስዳ የራሷን ያስያዘችው ምን ልትሠራበት እንደሆነ ጠየቀቻት፣ እንደ ዳኛ ረጋ ብላ።

«እማማ፣ እኔ አልወሰድኩበትም» አለች ሊድያ። «ውሃ ገብቶበት አልሠራ ብሎት ነው ያመጣልኝ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነው የገዛን። ሥራው እንዳይቋረጥበት የኔን ሰጠሁትና ይሄን እስኪደርቅ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት። ትናንት ሞከርኩት፣ ሠራ። ለርስዎ ልመልስ ነው የመጣሁት። ትናንትና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማውጣት ፈራሁ።»

ገዱ ሳህኑን አስቀመጠ። «የምን ውሃ?»

«ዝናብ መታብኝ ነው ያለኝ።»

«በጥር?» አለ ገዱ፤ ዙሪያውን እያየ ሳቅ አለ። ከመስቀል ማግስት ወዲህ አንድ ጠብታ ያላየ አገር ነው። ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ ገብቷል፣ አቧራው ከብት ያስነጥሳል። «እኛ እዚህ ዝናብ አላየንም። ዳባት ለብቻዋ ዘንቦላት ይሆናል።»

አንዷ ሳቀች። ሌላዋ ለቅሶ ቤት መጥቶ መዋሸት ምን ይሉታል አለች። ውቢት ደግሞ ልጅቷ ቦርሳዋ ይፈተሽ፣ ሌላም ነገር ሳይኖራት አይቀርም ብላ ሐሳብ አቀረበች። ሊድያ ፊቷ ደም መሰለ። «እሱ ነው እንዲህ ያለኝ» አለች። «እኔም ገርሞኝ ሰማዩን ሳየው፣ ስቆ ዝም አለ። ሌላ አልነገረኝም።» ሰው የማያውቃት አገር፣ በሰው ሐዘን መሃል፣ ሌባም ውሸታምም ሆና ተቀመጠች።

ስንቅነሽ ሳጥኗን በእጇ ይዛ ነበር። ሃይላንዱ ዛሬም መስኮቱ ላይ አለ፣ ግማሽ ድረስ።

ስቆ ዝም አለ። ለባዕድ ሰው እንኳ አልነገረባትም። እናቴ መሃይም ናት፣ እናቴ ጸበል አፈሰሰችበት አላለም። ሌላ ሰበብ ሳይፈልግ ከሰማይ ላይ ዝናብ አወረደላት። እሷም ዝም ብትል ይበቃል። ወንድሟ አለላት፣ ጎረቤቶቿ አሉላት፣ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ዳባቷ ትሄዳለች። ነገ ማንም አያነሣውም። የስንቅነሽ ስምም የስንቅነሽ እንደሆነ ይኖራል። ዳባት ማን ጠራው ብላ ሦስት ቀን ሙሉ ከበር ከበር ስትፈልገው የኖረችው ሰው ግን ከበሩ አልነበረም። እዚሁ መደቡ ላይ፣ ፌስታሉ ላይ ነው ተቀምጦ የኖረ።

«ተዋት ገዱ» አለች። «አልዋሸችም።»

«እንዴት ሆኖ እታለም፣ ዝናቡ ከየት—»

«ጸበል ነው። እኔ ነኝ ያፈሰስኩበት።»

ውጭ ካስማ የሚነቅሉት ወንዶች ድምፅ ብቻ ይሰማል። ገዱ ሳህኑን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ውቢት አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጋችው።

ስንቅነሽ ከስሯ ፌስታሉን አወጣች። ስልኩን ለምን እንደፈለገችው ልጅቷን ጠየቀቻት፤ አሁን ድምፅዋ የዳኛ አልነበረም። ሊድያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ማንያዘዋል ሲሠራው የከረመው ነገር ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም። የእትዬ ውቢት ባል ዓመቱ ሲሞላ ድምፁን ከፍቶ ለእናቱ ሊያሰማት ነበር ሐሳቡ። እስከዚያ ማንንም ሳይረብሽ የሚሠራበት መንገድ ይቺ ሳጥን ናት፤ የጊታሩን ድምፅ ለስልኩ ታስረዳለች፣ ለሚጫወተው ሰው ጆሮ ብቻ ትመልሳለች። ውቢት ይህን ስትሰማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ግን ስልኩ ተቆልፏል» አለች ሊድያ። «መክፈቻውን አላውቀውም።»

ስንቅነሽ ታውቀዋለች። ሰው ሲጠረጥር ዓይኑ አያርፍም፤ ስንት ወር ሙሉ የልጇን ጣት ስትጠብቅ ከርማለች። በተሰነጠቀው መስታወት ላይ ሌባ ጣቷን አሳርፋ ወደ ታች ሳበች፣ ወደ ጎን፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ላይ፤ ሞፈር ከነድግሩ የሚሠራውን ቅርጽ እንደማለት። ስልኩ ተከፈተ።

ያ ስልክ የማዳመጫ ቀዳዳ የለውም፣ በሳጥኗ በኩል ነው የሚሰማው። ሊድያ ጧፍ የነካትን ሳጥን ሰክታ፣ ፈልጋ አግኝታ፣ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ዘረጋችላት። ስንቅነሽ አየችው። የማላውቀውን ነገር ጆሮዬ አላስገባም ያለች ሴት ናት። ወሰደችው፤ አስገባችው።

መጀመሪያ የእንዝርት ድምፅ መጣ። ከዚያ የራሷ ጉርምርምታ፣ የድሮ ሙሾዋ፣ መንገድ ላይ ለቀረ አንድ የበየዳ ሰው ያወረደችው፦

ከበሩ ሸኝቼው ገና ሳልመለስ፣
መንገዱ ቀደመኝ ወሬ ለማድረስ።

ከስሯ ደግሞ ጊታሩ። እሷ ስትወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ስትወስድ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ቃሉ ሲከብዳት ከስር ገብቶ ይሸከማታል። አንዴም አልቀደማትም። ሠላሳ ዓመት ስታለቅስ እንዲህ አድርጎ የተቀበላት ሰው አልነበረም።

አልቆ ዝም ካለ በኋላም ማዳመጫውን አላወለቀችም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አሁን ልታወርደው ነው ብለው አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካች። ገዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉም ጠበቋት።

ስንቅነሽ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ ሳይሆን በደረቁ አሾለችና ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ መጥረግ ጀመረች። የጧፉን ጠብታ አልነካችም። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ፣ ጨርቁን ወደ ውስጥ እየገፋች፣ እያዞረች እያወጣች ጠረገቻቸው። ጨርቁን አየችው። ደረቅ ነበር። ገልብጣ ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ ጀመረች።